ከጣና ምን ይዘን እንመለስ?



የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ልጆቹን ልታደርሱ ስትመጡ በር ላይ የምንሰማው ወሬ ሰሞኑን አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ዘንድሮ አገር ቤት ትሄዳላችሁ?» ነው። አንዳንዶቻችሁ ቲኬት ቆርጣችኋል። አንዳንዶቻችሁ ለዘመድ የሚሆን ነገር ፍለጋ ከአሁኑ ፓውል ክሩገርላንንና ማርክቱን ማሰስ ጀምራችኋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ዘንድሮስ እንጃ» እያላችሁ ነው።

ከመካከላችሁ አንዲት እናት በዚሁ ጨዋታ መሀል የጠየቀችን ጥያቄ ነው ይህንን እንድንጽፍ ያደረገን። «ባሕር ዳር ቤተሰብ አለን፤ ስንሄድ ልጆቹን አንድ ቀን የጣና ገዳማትን ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ግን እዚያ ሄደው ምን ይገባቸዋል? አሥር ደቂቃ ሳይቆዩ ስልካቸውን ያወጣሉ» አለችን።

እውነቷን ነው፤ ያወጣሉ። እኛም ልጆች ይዘን ሄደን አይተነዋል። ነገር ግን አንድ የተማርነው ነገር አለ። ልጁ እንደ ዕቃ ከጀልባ ወደ ጀልባ የሚጫን ከሆነ ይሰለቻል። እዚያ የሚሠራው ሥራ ካለው ግን አይሰለችም። ሥራው ደግሞ በአማርኛ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

አንዷ ባልደረባችን ያጋጠማት

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባልደረባችን የ12 ዓመት ሴት ልጇንና የ9 ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ፣ ከወንድሟ ጋር ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሳች። ባለጀልባው መጀመሪያ ያቆመው ክብራን ገብርኤል ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ወደቡ ላይ ሲደርሱ «ሴቶች እዚህ ይቆያሉ» ተባለ። ክብራን የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት ከወደቡ አታልፍም። ባልደረባችን ይህን ታውቅ ነበር፤ ለልጇ ግን ቀድማ አልነገረቻትም። ወንዱ ከአጎቱ ጋር እየሮጠ ዳገቱን ወጣ። ሴቷ ጀልባው ላይ ቀረች።

«ለምንድን ነው እኔ የማልገባው?» ብላ ጠየቀች፤ በአማርኛ።

እናት ምን አለች? «ዞ ኢስ ሄት ናው ኤንማል።» በቃ እንዲህ ነው፣ እንደ ማለት ነው።

ባልደረባችን ስትነግረን፦ «መልሱ አይደለም ያሳፈረኝ፤ ቋንቋው ነው። ብሉ፣ ታጠቡ፣ ተኙ፣ ጫማችሁን አውልቁ በአማርኛ ነው የምላቸው። የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ሲመጣ ግን ወደ ደች ሸሸሁ። ልጄ ከዚህ ምን ትማራለች? አማርኛ የማዘዣ ቋንቋ ነው፣ ማሰቢያው ደች ነው ብላ ነዋ!»

ነገሩን ያዳኑት ባለጀልባው ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። ሞተሩን አጥፍተው «ነይ የኔ ልጅ» አሏት። መነኮሳቱ ዓለምን ትተው ሲመጡ ይህን ሕግ ያጠበቁት በራሳቸው ላይ እንደሆነ፣ እሷን ንቀው እንዳልሆነ ነገሯት። ከዚያ በእጃቸው ወደ ጎረቤት ደሴት አመለከቱ። «ያቺ እንጦስ ኢየሱስ ናት፤ እዚያ ያሉት እናቶች መነኮሳት ናቸው። እዚያ ትገቢያለሽ» አሏት። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ግን እኔ ደግሞ የዚህን የድሮ መጽሐፍ ማየት እፈልጋለሁ። ወንድሜ አይወድም መጽሐፍ፤ እኔ ነኝ የምወደው» አለች። ሰውየው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አልተስማማችም። ቢሆንም ያልተስማማችው በአማርኛ ነበር፤ ባልደረባችን እስከዛሬ የማትረሳው ይህንን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን፦ የክብራንን ነገር ቤት ሳላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሴት ልጅ ወደቡ ላይ መጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው ስድብ ይሆንባታል። ልትጠይቅ ትችላለች፣ ልትከራከር ትችላለች፤ ትከራከር። እናንተም የምታምኑበትን መልስ በአማርኛ አስቡበት። መልስ ከሌላችሁም «እኔም አላውቅም፤ ሄደን እንጠይቃቸው» በሉ። ይህም መልስ ነው።

የት ደሴት፣ ለማን?

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። 37 ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። በአንድ ቀን ሁሉን አያለሁ ማለት ዘበት ነው። ለልጅ ሁለት ቦታ ይበቃዋል።

ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፦ ዘጌ ደሴት ሳይሆን ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ሰው ግን ከደሴቶቹ ጋር ነው የሚቆጥረው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሴትም ወንድም ይገባል። በቡና ጫካ መሀል በእግር ትንሽ ይኬዳል። ከልጆች ጋር አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው።

እንጦስ ኢየሱስ፦ ከክብራን ጎን ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ሁሉም ይገባል። ከዘጌ ስትመለሱ ብትቆሙባት መንገዳችሁ ላይ ናት።

ክብራን ገብርኤል፦ ለወንዶች ብቻ። በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። ቤተሰቡ ለሁለት የሚከፈል ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዳጋ እስጢፋኖስ፦ ይህም ለወንዶች ብቻ ነው፤ የአፄ ይኩኖ አምላክ፣ የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ የአፄ ዘድንግልና የአፄ ፋሲል አፅም የሚገኝበት ነው። ራቅ ስለሚል ለትንንሽ ልጆች አንመክርም።

ናርጋ ሥላሴ፦ ከደቅ ደሴት ጋር ያለ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ሲሆን ሴትም ይገባል። የእቴጌይቱ ሥዕል ራሱ ግድግዳው ላይ አለ፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። «ይህን ያሠራችው ሴት ናት» ለማለት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እሱም ሩቅ ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ግድግዳው የማንበቢያ መጽሐፍ ነው

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ነው፤ እንደ ሽንኩርት ሦስት ንብርብር አለው ብላችሁ አስረዷቸው። ውጪው ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀሉ መቅደስ ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ከሥዕሎቹ አጠገብ ደግሞ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ግእዝ ነው፤ ፊደሉ ግን ልጆቻችሁ በየሳምንቱ እዚህ ትራንስቫል ቁጭ ብለው የሚቆጥሩት ያው ሀ ሁ ሂ ነው።

አያችሁ፣ አብዛኞቻችን ወላጆችም ግእዝ አንችልም። ስለዚህ እዚያ ግድግዳ ፊት እናትና ልጅ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ድምፁን ያነባሉ፣ ትርጉሙን ግን ይገምታሉ። ልጅ ከወላጁ እኩል የሚሆንበት የአማርኛ ትምህርት ሌላ የት ይገኛል?

ለልጆቹ አራት ሥራ ስጧቸው፦

1. «ዘከመ»ን ፈልጉ። ብዙ የሥዕል ጽሑፍ የሚጀምረው በዚህ ቃል ነው፤ «እንዴት እንደ…» ማለት ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ያንብቡ። የባልደረባችን ልጅ የልደቱ ሥዕል ጋ ቆሞ «ዘ… ከ… መ… ተ… ወ… ል… ደ» ብሎ አነበበና «ተወለደ ነው?!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የቆሙት አባ «ማን አስተማረህ?» አሉት። «ቅዳሜ ትምህርት ቤት፣ ሆላንድ» አላቸው። አባ ደግመው አስነበቡት። ወደ ስልኩ የተመለሰው ባሕር ዳር ሲደርስ ነው። «ተሰቅለ»ንም ያገኙታል፤ ተሰቀለ መሆኑን ለመገመት የኛ ልጆች አይቸገሩም።

2. ዓይን ቁጠሩ። በድሮው የአሣሣል ባህል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ይህን የነገራችሁት ልጅ ግድግዳውን ትቶ አይሄድም።

3. በላዔ ሰብእን ፈልጉ። ታሪኩ ከተአምረ ማርያም ነው። 78 ሰው የበላ ሰው በመጨረሻ ለአንድ በሽተኛ ስለ ማርያም ብሎ ጥርኝ ውኃ አጠጣ። ሲሞት ኃጢአቱና ያቺ ውኃ በሚዛን ተመዘኑ፤ ውኃዋ አመዘነች። ቤት ሳላችሁ በአማርኛ ተርኩላቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ሚዛኑን ራሳቸው ያግኙት። ለትልልቆቹ «ይህ ፍትሕ ነው ወይስ ምሕረት?» የሚል ጥያቄ ጣሉባቸው፤ መመለሻ መንገዳችሁ አያልቅም።

4. ቁጥርና ቀይ ቀለም። የብራና መጽሐፍ ከተገለጠላችሁ ፩፣ ፪፣ ፫ን ይፈልጉ። ቅዱሳን ስሞች በቀይ መጻፋቸውንም ያስተውሉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪም ቀና ብለው ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል እንዳለ ይዩ። የድንጋይ ደወልም ታገኛላችሁ፤ እንደ ብረት ይጮኻል። ደዋዩ እሺ ካላቸው ብቻ ይምቱት።

ቤት ሳላችሁ የምታዘጋጁት

ሰላምታ፦ ልጆቻችን «አንተ» እና «እርስዎ»ን ያምታታሉ። አንድ ተማሪያችን አያቱን በስልክ «አንተ ደህና ነህ?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገድሎታል። ገዳም ውስጥ «አባ፣ ይባርኩኝ» ወይም «እንደምን አሉ?» ይበሉ። ለእናቶች መነኮሳት ደግሞ «እማሆይ» ይባላል። ሦስቴ ቤት ውስጥ ተለማመዱት።

ግብይት፦ ዘጌ መንገድ ላይ ሕፃናት ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ። ልጃችሁ ራሱ ይግዛ። ለወንድ ልጅ «ቀንስልኝ»፣ ለሴት ልጅ «ቀንሽልኝ»። እናንተ ዞር በሉ እንጂ አትርዱት።

ሰዓት፦ ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። በሆላንድ የሰዓት አቆጣጠር 7 መሆኑን ልጁ ራሱ ያስላ።

ልብስና ሥርዓት፦ ጫማ ይወልቃል፤ ካልሲ ያዙ። ነጠላ ወይም ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ያስፈልጋል። ለአካለ መጠን የደረሱ ሴት ልጆች ካሏችሁ፣ በወር አበባ ጊዜ ወደ ውስጥ እንደማይገባ እናቶች ታውቁታላችሁ። በር ላይ እንዳያፍሩ ቀስ ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጊዜው፦ የኛ ልጆች ዕረፍት ክረምት ላይ ነው የሚውለው፤ የዘጌ መንገድ ጭቃ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴ በየቀኑ አለ፤ መቼ መጎብኘት እንደሚቻል ጠይቁ። በየወሩ 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ሕዝብ ይበዛል። ለአንዳንድ ልጅ ይህ ራሱ ትልቁ ትዕይንት ነው።

ደህንነት፦ የጀልባውን ዋጋ፣ የት የት እንደሚያቆምና የመግቢያ ክፍያ ተጨምሮ እንደሆነ ሳትሳፈሩ ተስማሙ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት በልጆቹ ልክ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። «ልጄ የዋና ዲፕሎማ አለው» ማለት እዚያ አይሠራም። ሐይቁ ቢልሃርዝያ ስላለበት ውኃው ውስጥ አይግቡ። ስለ ወባና ክትባት ደግሞ ከመነሳታችሁ ሳምንታት ቀድማችሁ ኼኼዴን ጠይቁ።

«እኛ እኮ ኦርቶዶክስ አይደለንም»

ትምህርት ቤታችን የቋንቋ ትምህርት ቤት ነው፤ የሙስሊም፣ የጴንጤም፣ የኦርቶዶክስም ልጆች አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ጣና የሁሉም ነው። እነዚያ የደንገል ታንኳዎች በዋናነት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ጥበብ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ወደ ገዳም መግባት የማይፈልግ ቤተሰብ ታንኳ ሲታሰር ማየት፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጉማሬ መፈለግ፣ የዘጌን ቡና ጫካ መዞር ይችላል። ዘጌ ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስም ከብት ማርባትም በባህሉ የተከለከለ ነው፤ ጫካው እስከዛሬ የቆየው በዚህ ነው። በዘጌዎች አፈ ታሪክ ቡናውና ጌሾው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀለ ነው። ልጁ «በትር» ማለት ምን እንደሆነ ሲያውቅ የስሙ ትርጉም ይገለጥለታል። ዩኔስኮም ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል።

ዘንድሮ መሄድ ካልተቻለስ?

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት አለ። ይህን የጻፍነው «ዝም ብላችሁ ሂዱ» ለማለት አይደለም። ባሕር ዳር ላለ ዘመድ ደውሉ፤ የሆላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን የጉዞ ምክርም አንብቡ፤ የጉዞ ዋስትናችሁ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። «አይሆንም» ከተባለ አይሆንም። ጣና ለዘመናት ቆይቷል፤ ይጠብቃችኋል።

እስከዚያው ግን እዚሁ ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ከሆላንድስ ስፖር ጣቢያ በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ሄዳችሁ ሚደልቡርኽ ትደርሳላችሁ። ከተማዋ ያለችበት ዋልኸረን ዱሮ ደሴት ነበር፤ ከጎረቤቱ ጋር በግድብ የተያያዘው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው። መሀል ከተማው ላይ የ12ኛው መቶ ዘመን ገዳም አለ። መነኮሳቱ በ1574 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ ምክንያት ወጡ፤ አልተመለሱም። በግንቦት 1940 እ.ኤ.አ. ገዳሙ በጦርነት ተቃጥሎ እንደገና ተሠራ። ዛሬ የዜላንድ ሙዚየምና የክፍለ ሀገሩ መስተዳድር ነው። ግንቡን «ላንገ ያን» ይሉታል፣ ረጅሙ ዮሐንስ፤ 90 ሜትር ያልፋል፣ 207 ደረጃ አለው።

እዚህ ሥራው ይገለበጣል። የሚነበበው ሁሉ ደች ነው፤ አስጎብኚው ልጃችሁ ይሁን። እያነበበ በአማርኛ ያስረዳችሁ። «መነኩሴ»፣ «ገዳም»፣ «ግንብ»፣ «ተቃጠለ» የሚሉትን ቃላት ቀድማችሁ ስጡት። የጎደለውን ቃል ይጠይቃችሁ፤ እናንተም ደቹን አትቀበሉት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «እዚህ መነኮሳቱ ሄደው ሕንፃው ቀረ። ጣና ላይ ግን ሰዎቹም መጻሕፍቱም አሉ። አንድ ነገር እንዳይጠፋ የሚያደርገው ምንድን ነው?» መልሱን አትንገሩት። ከባቡሩ መስኮት እያየ ያስብበት።

አደራችን

ባልደረባችን በዚያ ቀን ማታ አያታቸው ቤት የሆነውን ነግራናለች። ልጁ «ዘከመ ተወልደ» እያለ ቤቱን ሲዞር፣ አያት ሥራቸውን አቁመው ሰሙት። ሴቷ ልጅ ደግሞ አያቷ አጠገብ ተቀምጣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፦ «እማማ፣ አንቺ ክብራን ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አያት «አላውቅም ልጄ። እኔም በልጅነቴ እንዳንቺው ጠይቄ ነበር» አሏት። ሁለቱ እስኪመሽ አወሩ። እናት አላስተረጎመችም። ባልደረባችን ከጣና ይዤ የመጣሁት ይህንን ነው ትላለች።

ስለዚህ መስከረም ላይ ስንገናኝ ከእያንዳንዱ ልጅ የምንፈልገው ፎቶ አይደለም። አንድ ራሱ ያነበበው ቃል፣ አንድ ራሱ የጠየቀው ጥያቄ ደብተሩ ላይ በፊደል ጽፎ ይምጣ። ከጣና ይሁን፣ ከሚደልቡርኽ ይሁን፣ ከአያት ጋር በስልክ ይሁን ግድ የለም። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በዚህ እንከፍታለን።

መልካም ክረምት ይሁንላችሁ።

አስተማሪዎቹ